ይቺ ባዶ ቦታ ለምንድን ናት?

ግራፊክ ዲዛይን ልማር ነው ብዬ ለባለቤቴ የነገርኳት ዕለት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና «ነርሲንግ ሞልቷል አሉህ?» አለችኝ።

ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሀበሻ በ41 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን እንደሚማር የታወቀ ነው። ነርሲንግ ወይም አይቲ። ሁለቱም አልሆን ካለው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ። ከነዚህ ውጪ የተመዘገበ ሰው ወይ ገንዘብ ተርፎታል ወይ ጤናው ያጠራጥራል። እኔ ደግሞ ገንዘብ እንዳልተረፈኝ አገር ያውቃል። ዋሽንግተን ከተማ፣ ከመሬት በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በመስኮት ገንዘብ የምቀበል የሌሊት ሠራተኛ ነኝ። (ከመሬት በታች ያለውም «ፎቅ» ይባላል። እኛን ለማጽናናት መሆን አለበት።)

ወሬው እድራችንን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቀ መንበራችን ጠሩኝ። አገር ቤት ሳሉ ስንቱን ያስተዳደሩ፣ እዚህም እድሩን እንደዚያው የሚያስተዳድሩ አባት ናቸው።

«ምን ልትማር ነው አሉ?»

«ግራፊክ ዲዛይን፣ ጋሼ።»

«እሱ ምን ይሠራል?»

«ጽሑፍና ሥዕል አቀናጅቶ... የመጽሐፍ ሽፋን፣ ማስታወቂያ፣ የድርጅት ምልክት...»

«ታፔላ ጽሕፈት ነዋ!»

«በኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ።»

«ታፔላ ለመጻፍ ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልግ ነበር ልጄ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥቂት ዝም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማንኛውም የእድሩን የሽርሽር ወረቀት ካሁን በኋላ አንተ ትሠራልናለህ። በነጻ ነው አይደል?» አሉኝ። ገና አንድ ክፍል ሳልገባ የመጀመሪያ ደንበኛዬን አገኘሁ። ዛሬም ድረስ ታማኙ ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው፤ ዋጋውም አልጨመረም።

ኮሌጁ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሉት ዓይነት ነው። የሁለት ዓመት ትምህርት ይባላል። ወረቀቱ ላይ 60 ምናምን ክሬዲት፣ አራት ሴሚስተር ነው የሚለው። ስሌቱን ያወጣው ሰው ግን ሌሊት የሚሠራ፣ ቀን ልጅ የሚያመላልስ፣ በዚያ ላይ እንግሊዝኛህ ይጠናከር ተብሎ ሌላ ሁለት ኮርስ የተጫነበት ተማሪ ይኖራል ብሎ አላሰበም። የእኔ ሁለት ዓመት አራት ዓመት ተኩል ፈጀ። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ጀምሬ የማባዛት ሰንጠረዡን በቃሏ ስትወጣ ጨረስኩ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ መምህሩ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። ሸሚዙ ጥቁር፣ ሱሪው ጥቁር፣ የመነጽሩ ክፈፍ እንኳ ጥቁር። ቀጥላ የገባችው ረዳቱም ጥቁር። ከተማሪዎቹ ግማሹ ጥቁር። ሰው ሞቶባቸዋል ብዬ ሆዴ ባባ። ክፍል ሲያልቅ ጠጋ ብዬ ስለ ደረሰበት ሐዘን ማዘኔን ነገርኩት። ግራ እንደገባው አመሰገነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጥቁር። በሦስተኛውም። አርባው ሳይወጣ አልቀረም እኮ እያልኩ ስጨነቅ ከርሜ፣ ጥቁር የዚህ ሙያ ሰዎች የደንብ ልብስ መሆኑን የነገረችኝ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ያውም በኅዳር።

ይህንን መምህር «እሱ» እያልኩ ማውራቴ አንባቢን ሳይቆረቁር አይቀርም። እኔንም ይቆረቁረኛል። ጥፋቱ ግን የራሱ ነው፤ በስሜ ካልጠራችሁኝ አልሰማችሁም ያለ ሰው ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ አንቱ የለውም። እኔ በበኩሌ በስሙ መጥራት አፌ እምቢ ስላለ፣ አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ጥያቄ ሲኖረኝ ፊቱ እስኪዞር ቆሜ እየጠበቅሁ ነው የተማርኩት።

የክፍል ጓደኞቼ ልጆቼ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ መጥቶ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ እምቢ ብሏል አለኝ። የጥገና ሠራተኛ መስዬው ነው። እኔም ማስረዳቱ ስለ ከበደኝ ሄጄ ወረቀቱን አወጣሁለት። እስክመረቅ ድረስ ፕሪንተሩ በነከሰ ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነበር። በዚያ ኮሌጅ እንደ እኔ የተከበረ ተማሪ አልነበረም።

ኮምፒውተር እማራለሁ ብሎ ለገባ ሰው የመጀመሪያው ሴሚስተር ጉድ ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነካንም። ቀለም፣ ብሩሽ፣ ማስመሪያ፣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ቢላዋ። ከሦስት ቀለም ብቻ ተነስታችሁ 12 ቀለም ያለው ክብ ሥሩ ተባልን። ቢጫውን ከሰማያዊው፣ ቀዩን ከቢጫው እያዋሃድኩ ክቡን የሠራሁት ሌሊት በሥራ ቦታዬ፣ በዚያች የመስተዋት ጎጆ ውስጥ ነው። ያን ሰሞን ከእኛ ዘንድ መኪናውን ያወጣ ሰው ሁሉ የእኔን አውራ ጣት አሻራ በብርቱካናማ ቀለም ይዞ ሄዷል። ወንጀል ቢፈጸም ኖሮ በአንድ ሌሊት ነበር የምያዘው። ቢላዋው ደግሞ ወፍራም ካርቶን ስቆርጥ ሌባ ጣቴን ላጠኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ፋሻውን እየጠቀለለች፣ «ነርሲንግ ብትማር ይሄኔ ራስህን ታክም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ካሬዎቹ መጡ። ለእያንዳንዳችን አራት ጥቁር ካሬ ወረቀት ተሰጠንና በእነዚህ ብቻ፣ ያለ አንድ ቃል፣ ብቸኝነትን አሳዩ ተባልን። ልጆቹ ሁሉ ሦስቱን ባንድ ጥግ ሰብስበው አንዱን ማዶ ጣሉት። እኔ አራቱንም መሃል ላይ አጠጋግቼ ለጠፍኩ። መምህሩ አገጩን ይዞ ብዙ ተመለከተ።

«ብቸኝነቱ የታለ?»

«ብቸኛው ይሄኛው ነው» አልኩ። «ሦስቱ ሊጠይቁት መጥተው ነው።»

ሳቀ። ከዚያ እስክመረቅ ድረስ የሚደጋግመውን ነገር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረኝ። ባዶ ቦታ ማለት ሥራው ያላለቀ ቦታ አይደለም፤ ባዶው ራሱ ይናገራል፤ ለዓይን ማረፊያ ስጠው፣ ካልሰጠኸው ዓይን ደክሞት ይሄዳል። እኔ ግን ያደግሁት ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና የቴሌቪዥኑ ጀርባ ሳይቀር ዳንቴል በለበሰበት ቤት ነው። ግድግዳችን ላይ ባዶ ቦታ ከታየ እናቴ የቀን መቁጠሪያ ትሰቅልበታለች፤ የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ከጠፋ ያምናውን። ለእንግዳ በቀረበ ሳህን ላይ ባዶ ቦታ ከታየ ወጥ ይጨመራል። ባዶ ማለት የጎደለ ነው። ይህንን ከአንድ ሰው አጥንት አውጥቶ ለመጣል 60 ክሬዲት አይበቃም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራችንን ግድግዳ ላይ በስፒል እንሰቅልና እርስ በርስ እንተቻቻለን። የእኔ አስተያየት ለሁሉም አንድ ነበር፦ «ጥሩ ነው።» መምህሩ «ጥሩ ነው» አስተያየት አይደለም ይለኛል። እኔ ግን የሰው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ለፍቶ ያመጣውን በሰው ፊት ምን ልበለው? ሲቆይ አሜሪካኖቹም ይሉኝታ እንዳላቸው፣ ግን በኮድ እንደሚጠቀሙበት ደረስኩበት። «አስገራሚ ምርጫ ነው» ካሉህ ምርጫህ አስቀያሚ ነው። «ይሄን ነገር ትንሽ ልትገፋበት ትችላለህ» ካሉህ ቅደደውና እንደገና ጀምር ማለታቸው ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ማክሰኞን ወደድኩት። የእኛን ሽማግሌዎች ስብሰባ ለተቀመጠ ሰው ሰምና ወርቅ መፍታት ምኑ ይከብዳል?

የመጀመሪያውን የእድር ወረቀት የሠራሁት በዚያው ዓመት ነው። ሊቀ መንበሩ ዝርዝር አመጡ። የአሥራ አንዱም የኮሚቴ አባል ፎቶ፣ የአሥራ አራት ሰው ስልክ (ሦስቱ ሁለት ሁለት መስመር አላቸው)፣ የመናፈሻው አድራሻ፣ ከሁለት አቅጣጫ ለሚመጣ ሰው የመንገድ መግለጫ፣ ዶሮ ወጥ ማን እንደሚያመጣ፣ ለስላሳ ማን እንደሚያመጣ፣ እና ባንዲራ። ባንዲራው ላይ ኮሚቴው ለሦስት ተከፈለ፤ ኮከብ ያለበት፣ አንበሳ ያለበት፣ ልሙጡ። ስብሰባው እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። በመጨረሻ እኔ በያይነቱ አደረግሁበት። ከላይ አረንጓዴ ጎመን፣ ከመካከል ቢጫ ክክ አልጫ፣ ከታች ቀይ ምስር ወጥ። ሁሉም ተስማማ። አንድ አባት ብቻ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «መሃል ላይ ያለችው ስንግ ምን ለማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ስንጓን አነሳናት።

ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ ሲመረምር አንዱም ያላየው ነገር ሰዓቱ ነበር። «ቅዳሜ ሰኔ 24፣ 6 ሰዓት» ብዬ ጽፌያለሁ። ከቀኑ ማለቴ ነው፤ ፈረንጅ 12 የሚለው። እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖረው ግን 6 ሲል የእኛን 12 ሰዓት፣ ምሽቱን ነው የሚያስበው። የእኛ 6 የእነሱ 12፣ የእነሱ 6 የእኛ 12፤ ሰው ቢጣላበት የማይፈረድበት ሒሳብ ነው። ግማሹ እድርተኛ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እየተንጠባጠበ መጣ። (በትክክል በ6 ሰዓት የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) በልተን ጠጥተን ምንጣፍ ስንጠቀልል ሌላው ግማሽ ዶሮ ወጡን በድስት ተሸክሞ ከተፍ አለ። ምንጣፉ እንደገና ተዘረጋ። የመናፈሻው ጠባቂ በባትሪ መብራት እስኪያስወጣን ድረስ በላን። ብዙዎች እስከ ዛሬ የእድራችን ምርጥ ሽርሽር ያ ነበር ይላሉ። ግራፊክ ዲዛይን በሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ያመጣል ሲሉ የምሰማው እውነት ነው ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የዲዛይን ታሪክ ተማርን። የሚገርመው ነገር እዚያው ከማልፍበት መንገድ ላይ የነበረ ታሪክ መሆኑ ነው። የዋሽንግተን ሜትሮ በ1976 ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የየጣቢያውን ምልክትና ጽሑፍ ያወጣው ማሲሞ ቪኜሊ የሚባል ጣሊያናዊ ነው፤ ካርታውን ደግሞ ላንስ ዋይማን። ያ «ኤም» የተጻፈበት ቡናማ ምሰሶ ከምሠራበት ሕንጻ በር ላይ ቆሟል። አሥር ዓመት ተደግፌው አውቶቡስ ጠብቄያለሁ፤ አንድ ሰው አስቦ እንደሠራው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ፊደሉ ሄልቬቲካ ይባላል፤ በ1957 ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሰላሜን አጣሁ። ሠርግ ሄጄ ሙሽሮቹን ትቼ የጥሪ ካርዱን እመረምራለሁ። ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ ወደ ጎን ተለጥጦ ታትሞ ሳይ ከሐዘኑ በላይ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን እንዲያውም አላስቻለኝም፤ ከቤተሰቡ ፋይሉን ተቀብዬ አስተካክዬ አሳተምኩላቸው። የሟች እህት ፎቶውን ስታይ «አሁን እሱን መሰለ» ብላ አለቀሰች። የዚያን ቀን ባለቤቴ ስለ ነርሲንግ አላነሳችም።

ታሪክ መማር ግን ገበያ ላይ ይጎዳል። አንዲት ባለ ምግብ ቤት ሎጎ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ጀበና፣ መሶብ፣ የአክሱም ሐውልት፣ ላሊበላ እና ከተቻለ የራሷ ፎቶ። እኔ የተማርኩትን ይዤ፣ እትዬ፣ ትልልቆቹ ምልክቶች እኮ ቀላል ናቸው አልኳት። ናይኪን ተመልከቺ፤ አንዲት ጭረት ናት። በ1971 የሠራችው ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል፣ ፖርትላንድ ውስጥ ዲዛይን የምትማር ልጅ ናት፤ እንደ እኔ ተማሪ።

«ስንት ከፈሏት?»

አፌን መያዝ ነበረብኝ። «35 ዶላር።»

ፊቷ በራ። «እኔ ከናይኪ አላንስም ወንድሜ፤ 40 እሰጥሃለሁ።»

እየተንተባተብኩ በ1983 ኩባንያው የሚያምር ቀለበትና አክሲዮን እንደሰጣት ጨመርኩ። «አክሲዮንማ ምን ችግር አለው» አለች፤ «ሰኞ ሰኞ እየመጣህ በያይነቱ ብላ።» ሎጎው ከሚፈለጉት ነገሮች መሶብ ብቻ ይዞ ወጣ። አክሲዮኔን በየሰኞው እየበላሁ ነው፤ በዚህ ሒሳብ ካየነው ከወይዘሪት ዴቪድሰን የመጀመሪያ ክፍያ አልፌያለሁ።

በሦስተኛው ዓመት የፊደል ኮርስ መጣ። እያንዳንዱ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ፊደል በፖስተር ያቅርብ ተባለ። የክፍሉ ልጆች 26 ናቸው ያላቸው፤ እኔ 33ን በ7 አባዝቼ 231 አልኩ፤ ዲቃሎቹን ሳልቆጥር። መምህሩ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ካፒታሉ የትኛው ነው አለኝ። የለንም፣ ፊደሎቻችን እኩል ናቸው አልኩት። (ሰዎቻችንን አልጠየቀኝም።) ሀን፣ ሐን እና ኀን ጎን ለጎን ሰቀልኩ። ልጆቹ ኩባያ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እና ዳክዬ ይመስላሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ አንዷ፣ «የሦስቱ ድምፅ ልዩነት ምንድን ነው?» አለች።

«ምንም። አንድ ነው።»

«ታዲያ ለምን ሦስት ሆኑ?»

«ድሮ ይለያዩ ነበር ይባላል። አሁን የምንለያየው እኛ ነን» አልኩ። አልገባትም፤ እኔም አልገፋሁበትም። ስለ ሆሄ ክርክር ጀምሮ በሰላም የጨረሰ ሰው አላውቅም።

ዋናው ሥራዬ ላይ ግን የሚያሳዝን ነገር ደረሰ። አንድ ገጽ ሙሉ የአማርኛ ጽሑፍ ቤት ውስጥ አሰናዳሁና ክፍል ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው በኮሌጁ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አተምኩ። ኮምፒውተሩ የእኛን ፎንት አያውቅም። ፊደል በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን፤ ከላይ እስከ ታች ሳጥን በሳጥን። ፈረንጆቹ ይህን ሳጥን ቶፉ ይሉታል፤ ጉግል «ቶፉ ይብቃ» ለማለት ኖቶ የሚል ስም የሰጠውን የፎንት ቤተሰብ ያወጣው ለዚሁ ነው፤ የእኛም ፊደል አለበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር በየራሱ ኮድ ስለሚሄድ አንዱ ጋ የጻፍከው ሌላው ጋ ዘባራቂ ሆኖ ነው የሚወጣው። እና በእኔ ጊዜ ይህ ሁሉ አልፏል፤ ያላለፈለት ያ የክፍሉ ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ምን ላድርግ? ሳጥኖቹን ሰቀልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ፣ «ቋንቋውን የተነጠቀ ሰው ዝምታ ነው» አለ። ሌላዋ ስደት ታየኝ አለች። አንዲቱ ዓይኗን ጠረገች። መምህሩ እየዞረ አየና፣ በመጨረሻ ባዶነትን መጠቀም ጀመርክ አለኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ኤ አገኘሁ። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ በዲዛይን ኮርስ ያገኘኋት ብቸኛ ንጹሕ ኤ እሷ ናት።

ቀጥሎ የመጣው ግሪድ ነው፤ ገጽን በማይታይ መስመር መከፋፈል። ዮሴፍ ሙለር ብሮክማን የሚባል የስዊዝ ሰው በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የሙያው ሰዎች እንደ ሃይማኖት ይምሉበታል። መምህሩ ከአንድ የቆየ መጽሐፍ ገጽ ላይ ግሪዱን ፈልጋችሁ አምጡ አለ። ባልቲሞር ያለው የዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ብዙ የኢትዮጵያ ቅርስ አለው፤ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሙዚየሙ ብራናዎቹን ፎቶ እያነሳ ለሕዝብ ከፍቷቸዋል፤ ከነሱ አንዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የጉንዳ ጉንዴ ወንጌል ነው። ሌሊት ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ በላፕቶፕ አጎላው ጀመር።

ደነገጥኩ። ቁም ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ በስቶ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ መስመር ጭሮ፣ በዓምድ ከፍሎ ነው የጀመረው። አርእስቱ በቀይ ነው፤ ቀዩ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ዓይን ከየት እንዲጀምር ይነግረዋል። ከዓምዶቹ ውጪ፣ በተለይ ግርጌው ላይ፣ ሰፊ ኅዳግ። ባዶ! ብራና እንደ ወረቀት በሪም የሚገዛ አይደለም፤ ፍየሉ ይታረዳል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል። ያን ውድ ነገር ይዞ፣ ግርጌውን ሳይነካ ትቶታል። መምህሬ ሦስት ዓመት የጮኸብኝን ነገር እኒያ ሰዎች በመቃ ብዕር ሲሠሩት ኖረዋል። የፊደላችን የኅትመት ታሪክ እንኳ ከብራና ጽሕፈታችን ጋር ሲተያይ ትናንት ነው። የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 ሮም ውስጥ ታተመ፤ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ አሳስቶ ጽፎታል። ደንበኛ ሽፋኑን ሳያነብ አጽድቆለት ይሆናል። በእኛ ሥራ ያለ ነው።

እንግዲህ በመጨረሻው ዓመት የእድሩን ወረቀት በዚህ ልብ ሠራሁት። ከላይ በቀይ፦ «የእድራችን ሽርሽር»። በታቹ በጥቁር ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፤ ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር። አንድ ስልክ። ፎቶ የለም፣ በያይነቱ የለም። ግርጌው፣ የገጹ ሲሶ፣ ንጹሕ ነጭ። ለሊቀ መንበሩ ወስጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ጀርባውንም አዩ።

«ይቺ ባዶ ቦታ ለምንድን ናት?»

«ለዓይን ማረፊያ ናት፣ ጋሼ።»

«የምክትሉ ፎቶ አይገባባትም?»

«ከገባ የጸሐፊውም መግባት አለበት።»

ዝም አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ እነዚያ ወረቀቶች እንደዚያ ጢም የሚሉት ሰዎቻችን ውበት ስለማያውቁ አይደለም። ስሙ የቀረ ሰው ይቀየማል። ስሙ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ወጥ አያመጣም። በየጥጉ የታጨቀችው እያንዳንዷ ስልክ ቁጥር አንድ የተጠበቀ ወዳጅነት ናት። ይህንን ሙለር ብሮክማን አላሰበበትም፤ እድር የለበትማ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ብራናውን አሳየኋቸው። ድሮ ድቁና ተቀብለዋል። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አንድ መስመር አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን ኅዳጉ ላይ አሳረፉና፣ «እኔ ባደግሁበት ደብር ወንጌሉ ላይ ይሄ ቦታ ባዶ አልነበረም» አሉኝ። «ርስት የተሰጠው፣ መሬት የገዛ፣ የተካሰሰ ሁሉ እዚህ ነው የሚያስጽፈው። ወንጌል ላይ የተጻፈን ማን ይክዳል?» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ጥሩ ነው፤ ይታተም።»

እሳቸው «ጥሩ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ በኮድም ያለ ኮድም አልፈታሁትም። ብቻ 50 ቅጂ አሳተምኩ። እንጀራ መሸጫው ሱቅ በር አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ አንዱን ራሴ ሰቀልኩት። በዚያ ሁሉ ጢም ባለ ማስታወቂያ መካከል የእኔ ብቻ በሩቅ ይታያል። ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት፤ ጥቁር ልብስ እንደ ለበስኩ ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

በሁለተኛው ቀን እንጀራ ልገዛ ተመለስኩ። ግርጌው ላይ፣ በዚያች ባዶ ሲሶ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎባታል፦ «ቤዝመንት ይከራያል። መግቢያው ለብቻ። ኢንተርኔት አለው። ለማያጨስ።» ከታቹ ስልክ ቁጥር። እጅግ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ነው። ልቀደው እጄን ሰደድኩና ተውኩት፤ እያንዳንዱ መስመር ከእኔ የግራ ኅዳግ ጋር ልክ ተስተካክሎ ነው የወረደው።

ቤዝመንቱ በሦስተኛው ቀን ተከራየ።